ለዓይን የሚያምር፣ ለእጅና ለአንገት የሚከብድ፦ የኮርስ ብስክሌት መሪ ስናስተካክል የምንሠራቸው ስህተቶች

የኮርስ ብስክሌት ከጎን ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ቀጭን ቴላዮ (ሁሉም ነገር የሚታሰርበት የብስክሌቱ ዋና አካል)፣ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት የተዘረጋ መሪ። ቆሞ እንኳ የሚሮጥ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ የወደድኩት በመልኩ ነው። ስለዚህ ስለ ውበቱ አትጨነቁ አልላችሁም። ብስክሌቱን ዓይቶ የሚደሰት ሰው ይዞት ለመውጣት አይሰንፍም።

ችግሩ የሚመጣው መልኩ ከሰውነታችን ቀድሞ ሲወስን ነው። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንገት ይደርቃል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ወገብ ይያዛል። ቀስ በቀስ መውጣቱ ያስጠላል። ያ የሚያምር ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ገሚሱን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን የጓደኞቼን ብስክሌት ሳስተካክል ደጋግሜ አይቻለሁ።

የሹካውን ቱቦ ቸኩሎ መቁረጥ

መሪውን የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ ጋር የሚያገናኘው አጭር ክንድ ስቴም ይባላል። ከሥሩ የሚደረደሩት ቀለበቶች ደግሞ ስፔሰር ይባላሉ። ቀለበቶቹ ሲበዙ የብስክሌቱ ፊት የተካበ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ሰው አይወዳቸውም። ስለዚህ ብስክሌቱን በገዛን ሳምንት አውጥተን ስቴሙን እስከ ቴላዮው እናወርደዋለን። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም፤ የፈታነውን መልሰን ማሰር እንችላለን። የማይመለሰው ቀጥሎ ያለው ነው። ከላይ የተረፈውን የሹካ ቱቦ በመጋዝ መቁረጥ።

እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቱቦ ከስቴሙ በላይ ወጥቶ ሳየው አስጠላኝ። ብስክሌቱን ሁለት ቀን ብቻ ነድቼ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ምንም ሳይጠይቁኝ ቆረጡልኝ። ወር ሳይሞላ አንገቴን ወደ ግራ አዙሬ ከኋላ የሚመጣ መኪና ማየት አቃተኝ። መሪውን ከፍ ላድርግ ስል ቱቦ የለም። የተቆረጠ ቱቦ ደግሞ አይቀጠልም። የሚቀየረው ሙሉ ሹካው ነው።

እንዲህ አድርጉ። ከሥር ያወጣችሁትን ቀለበት ከስቴሙ በላይ መልሳችሁ አስቀምጡት። ለጊዜው አያምርም፤ ይሁን። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አታውርዱ። ሁለት ሳምንት ንዱበት፤ ረጅም መንገድም፣ ዳገትም፣ ቁልቁለትም ሞክሩበት። ከዚያ ቀጣዩን 5 ሚሊ ሜትር አውርዱ። ሁለት ወር ቆይታችሁ እጅም አንገትም ዝም ካለ ያኔ ይቆረጥ። ያኔም ቢሆን አንዲት ቀለበት ከላይ ብትተርፍ ጥሩ ነው። በሌላ በኩል ከሥር የሚደረደረውም ገደብ አለው። ለካርቦን ቱቦ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የብስክሌታችሁን መመሪያ እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ይህ ቱቦ ቀጥ ብሎ አልቆመም። ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ከመሬት ጋር 73 ዲግሪ ገደማ ይሠራል። ስለዚህ ስቴሙን በ10 ሚሊ ሜትር ባወረዳችሁት ቁጥር መሪው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊትም ይርቃችኋል። “ትንሽ እኮ ነው ያወረድኩት” የሚል ሰው ትከሻው ለምን እንደተወጠረ ግራ የሚገባው ለዚህ ነው።

የተወዳዳሪዎችን አቀማመጥ መቅዳት

በቱር ደ ፍራንስ ላይ የምናያቸው ብስክሌተኞች መሪያቸው ከመቀመጫቸው በብዙ ዝቅ ያለ ነው። 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሆን ብዙ ነው። ያንን ፎቶ ይዘን የራሳችንን እናወርዳለን። ግን ፎቶው የማያሳየው ነገር አለ። እነሱ ፔዳሉን የሚረግጡበት ኃይል ራሱ የላይኛውን አካላቸውን ይሸከምላቸዋል። በእርጋታ የሚነዳ ሰው ያ ግፊት የለውም። ክብደቱ ተንሸራቶ መዳፉ ላይ ያርፋል። አንድ ዓይነት አቀማመጥ ለእነሱ እረፍት፣ ለእኛ ሸክም ይሆናል።

እነሱም ቢሆኑ ለመልክ ብለው አይቀመጡም። ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1969 በፈረንሳይዋ ብሉዋ ከተማ ቬሎድሮም (የብስክሌት መወዳደሪያ ስታዲየም) ውስጥ ክፉኛ ወድቆ ጀርባውና ዳሌው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የመቀመጫውን ልክ ሲቀያይር ነው የኖረው። ውድድር መሃል ሳይቀር መፍቻ አውጥቶ ያስተካክል ነበር። ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። ሰውነቱ ሲለወጥ ብስክሌቱን ከሰውነቱ ጋር ለወጠ።

ከመሪው መጀመር

አንድ ጓደኛዬ መሪው ራቀብኝ ብሎ መቀመጫውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፋው። መሪው ቀረበለት። ጉልበቱ ግን ያመው ጀመር፤ እጁ ላይ ያለው ጫናም ጨመረ። የመቀመጫ ቦታ የሚለካው ከፔዳሉ አንጻር ነው። መጀመሪያ መቀመጫው ቦታውን ይይዛል፤ መሪው በኋላ ይመጣል።

ከፍታውን በቀላሉ ለማግኘት ግድግዳ ተደግፋችሁ ብስክሌቱ ላይ ውጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ወደ ኋላ አዙሩት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልኩ ላይ ቀርባችኋል። ከጣቶቻችሁ ሥር ባለው የእግር ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል። ሌላው መንገድ በአሜሪካዊው ብስክሌተኛ በግሬግ ሌሞንድ ስም የሚታወቀው ስሌት ነው። የእግራችሁን የውስጥ ርዝመት ከብሽሽት እስከ ወለል ለክታችሁ በ0.883 ታባዛላችሁ። እግራችሁ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት መሃል እስከ መቀመጫው አናት 70.6 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ይህ መነሻ ነው፤ ከዚያ ሰውነታችሁን አዳምጡ።

እዚህም መልክ ይገባበታል። ረጅም የመቀመጫ ምሰሶ ያምራል። ለዚያ ብሎ መቀመጫውን ከልኩ በላይ የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው። ሰው ከኋላችሁ እየነዳ ይመልከታችሁ። ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ መቀመጫው በዝቷል። መቀመጫውን በ1 ሴንቲ ስታወርዱ ደግሞ መሪው ሳትነኩት በዚያው ልክ ከፍ ያለ ያህል ይሆንላችኋል።

የመቀመጫውን አፍንጫ ወደ ታች ማዘንበልም እንዲሁ ነው። ለጊዜው ይቀላል። ቀስ እያለ ግን ወደ ፊት ያንሸራትታችኋል፤ እጃችሁም እንደ ፍሬን ገላችሁን ይዞ ይውላል። ይህን የምታውቁበት ፈተና አለ። ሜዳ መንገድ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ በመጠነኛ ኃይል እየረገጣችሁ መዳፋችሁን ከመሪው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ አንሱ። ሳትወድቁ ለአፍታ መቆየት ከቻላችሁ ሚዛናችሁ ደህና ነው። ወዲያው ወደ ፊት ከተደፋችሁ ወይ መቀመጫው ወደ ፊት በዝቷል፣ ወይ መሪው ዝቅ ብሏል ወይም ርቋል።

ስቴም መገልበጥን እንደ ነውር ማየት

አብዛኛው ስቴም 6 ዲግሪ ያህል ዝንባሌ አለው። በሁለቱም በኩል ይታሰራል። ወደ ታች ሲሆን ስፖርታዊ ይመስላል፤ ወደ ላይ ሲገለበጥ ግን “የሽማግሌ ብስክሌት” ይሉታል። ይህ አባባል ስንቱን ሰው በከንቱ እንዳሳመመ ሳስብ ያናድደኛል። 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ስቴም ሲገለበጥ መሪው 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ 6 ሚሊ ሜትር ያህልም ይቀርባል። ያለ ምንም ወጪ፣ በአንድ መፍቻ፣ በሩብ ሰዓት።

ስትሠሩት የላይኛውን ብሎን መጀመሪያ አጥብቁ፤ ለመጨረሻ አትተዉት። መጀመሪያ እሱ የሹካውን ልቅነት ይይዛል፤ ከዚያ የጎኖቹ ብሎኖች ይጠብቃሉ። ፊት ለፊት ያሉትን አራቱን በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ስቴሙ ላይ የተጻፈውን የኃይል መጠን አትለፉ፤ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ካርቦን በስሜት አይጠበቅም።

መሪውን ወደ ሰማይ ማዞር

ስቴሙን ላለመገልበጥ ብለው ብዙዎች መሪውን ራሱን ወደ ላይ ያዞሩታል። የፍሬኑ እጀታ ከፍ ይላል፣ ይቀርባልም። ግን የእጅ አንጓ ይታጠፋል፤ ታችኛው ጥምዝ ደግሞ መሬት መሬት ያይና ለመያዝ የማይመች ይሆናል። በቁልቁለት ላይ ፍሬን በደንብ የሚያዘው ከዚያ ጥምዝ ሆኖ ስለሆነ ጉዳቱ የምቾት ብቻ አይደለም።

ትክክለኛውን ለማየት እጃችሁን ሰው ለመጨበጥ እንደምትዘረጉ አድርጉ። አንጓው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይታጠፍ ቀጥ ይላል። እጀታውን ስትይዙም እንደዚያው መሆን አለበት። ካልሆነ የመሪውን ቴፕ ፈትታችሁ የእጀታውን ጎማ ገልበጥ አድርጉ። ማሰሪያ ብሎኑን በትንሹ አላሉና እጀታውን በራሱ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ቀጥ ያለ ማስመሪያ በላያቸው አጋድማችሁ አረጋግጡ። ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል ልዩነት ለዓይን አትታይም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን አንድ ትከሻ ያውቃታል።

የመሪውን ልክ አለማወቅ

ስፋቱ ከትከሻችሁ አጥንቶች ስፋት ጋር ቢቀራረብ ጥሩ መነሻ ነው። አንዳንዱ አምራች ከመሃል እስከ መሃል፣ ሌላው ከዳር እስከ ዳር ስለሚለካ “42” (ሴንቲ ሜትር) የሚለው ቁጥር ሁሌ አንድ አይደለም። ጠባብ መሪ አሁን ፋሽን ሆኗል። ደረታችሁን የሚያጨናንቅ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን መሪው ወደ ፊት ምን ያህል እንደሚወጣ ነው። ይህ ልክ 70 ሚሊ ሜትር የሆነም፣ ከ80 በላይ የሆነም አለ። ረጅሙን በአጭሩ ብትቀይሩ እጀታው 10 ሚሊ ሜትር ይቀርባችኋል፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። መልክና ምቾት ሳይጣሉ የሚታረቁበት ቦታ እንዲህ ያለው ነው። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑን ወደ መሪው የምታቀርብ ትንሽ ብሎን እጀታው ላይ ፈልጉ። ብዙዎች ዓመት ነድተው መኖሯን አያውቁም።

መሪና ስቴም አንድ ላይ የተሠራበትን ዘመናዊ ዓይነት ልካችሁን ሳታውቁ አትግዙ። ያምራል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ሴንቲ ማሳጠር ስትፈልጉ ሙሉውን ነው የምትቀይሩት። የፍሬኑ ቱቦ በውስጡ የሚያልፍ ከሆነ ቱቦውን መፍታትና የፍሬኑን ዘይት እንደገና ማስሞላትም ሊከተል ይችላል።

መደንዘዝን መልመድ

“ብስክሌት ነው፣ ትለምደዋለህ” የሚሉትን አትስሙ። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከደነዘዙ መዳፍ ጠርዝ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኗል ማለት ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ከሆኑ ጫናው መሃል አንጓ ላይ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ክብደት እጅ ላይ መብዛቱን፣ ሁለተኛው የአንጓ መታጠፍን ይናገራል። ወፍራም ቴፕና ጓንት ያግዛሉ፤ ግን ዋናውን አያድኑም። ከብስክሌት ከወረዳችሁም በኋላ መደንዘዙ የሚቆይ ከሆነ ሐኪም ይየው።

የጎማ ነፋስም አትርሱ። 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በልኩ ከተነፋ የመንገዱን ንዝረት ከእጅ ላይ ብዙ ያነሳል፤ እንደ ድንጋይ የደረቀ 23 ጎማ ግን ሁሉንም ወደ መዳፍ ይልካል።

ቴላዮን በቁጥር ብቻ መግዛት

ሁለት “54” የሚል የመጠን ቁጥር ያላቸው ቴላዮዎች ፊታቸው በሁለትና በሦስት ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል። አምራቾች ስታክ የሚሉትን ከፍታና ሪች የሚሉትን ርዝመት እዩ። ስታኩ ከፍ ያለ ቴላዮ ብትመርጡ ቀለበት መደርደር ሳያስፈልግ መሪው ቦታው ላይ ይሆናል። ዝቅ ያለ የውድድር ቴላዮ ገዝቶ ግንብ መካብ ግን መልኩንም ምቾቱንም ያሳጣል። ገና ያልገዛችሁ ከሆናችሁ ከሁሉም በላይ የምመክራችሁ ይህን ነው።

የኔ ብስክሌት ዛሬ አዲስ ሹካ አለው። ስቴሙ ወደ ላይ ተገልብጧል፤ ከሥሩ 20 ሚሊ ሜትር ቀለበት አለ፤ ቀለሙ ከስቴሙ ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር። ቴፑን በራሴ እጅ ጠምጥሜ ጫፉን በጥንቃቄ ጨርሼዋለሁ። ከላይ ያለችውን 5 ሚሊ ሜትር ቀለበት እስካሁን አላወጣኋትም።