የጋራ ቤት ላይ ክርክር ሲነሳ ከየት ይጀመራል?

አባት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ግቢ ትተው አረፉ እንበል። ከፊት ዋናው ቤት አለ፣ ከኋላ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች። ሰርቪሶቹን ተማሪና የፋብሪካ ሠራተኛ ተከራይቷቸዋል። እናት በሕይወት አሉ። ከአራቱ ልጆች ትልቋ እዚያው ትኖራለች፣ ኪራይ የምትሰበስበውም እሷ ናት። ሦስቱ አዲስ አበባ ናቸው። ለፋሲካ ሲሰባሰቡ አንዱ «ለመሆኑ ኪራዩስ?» ይላል። ሸዋ ሮቢትም ሂዱ መሐል ሜዳ፣ ወሬው ያው ነው።

1ኛ. የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ለዩ

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወዲያው ለአራት ያካፍላሉ። ቤቱ በትዳር ዘመን የተፈራ ከሆነ ግን ግማሹ የእናት ነው። ለውርስ የሚቀርበው የአባት ግማሽ ብቻ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ልጆቹ እሱን እኩል ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዱ ከጠቅላላው አንድ ስምንተኛ ይደርሰዋል። ከትዳር ውጪ የተወለደ ልጅ ካለ እሱም እኩል ነው። በኋላ ብቅ ብሎ ሒሳቡን ሁሉ ከሚያፈርሰው፣ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትካፈሉት ቤቱንና በይዞታው የመጠቀም መብትን ነው።

ካርታው ገና በአባት ስም ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ። አትዘግዩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000፣ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን እያወቀ 3 ዓመት ዝም ያለ ወራሽ የሚያነሳውን ክስ ጊዜው አልፎበታል ብሎ ያግዳል። ይህ ቁጥር በውርስ ክርክር ላይ እንደ መቃወሚያ በተደጋጋሚ ይነሳል።

2ኛ. ኪራዩን ጻፉ

እንደኔ እንደኔ ፀቡ ከቤቱ ይልቅ በኪራዩ ነው የሚጀምረው። ስንት ገባ? ለጣሪያ፣ ለግብር፣ ለውሃ ስንት ወጣ? ኪራዩም ወጪውም እንደ ድርሻው ነው የሚከፋፈለው። ቁጥሩ በደብተር ላይ ሲሰፍር ግማሹ ጥርጣሬ ይበርዳል። አባቷን ስታስታምም የከረመችው ልጅ ግን ድካሟ በደብተር አይሰፍርም። ይህን ለሽማግሌ በግልጽ አንሱት፤ ካልተነሳ ተዳፍኖ ቆይቶ ኋላ ይፈነዳል።

3ኛ. ሽማግሌ ይግባበት፣ ግን ይጻፍ

ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ቤተሰብ የሚያውቅ፣ ከቤቱም ምንም የማይጠብቅ ይሁን። በቡና ላይ የተስማማችሁበትን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ተስማሚዎቹ ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ከዚያ ይመዝገብ። በሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። ክሱ ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ አስመዝግቡት።

ምን ላይ ትስማሙ? ግቢው እንደየድርሻው የሚከፈል ከሆነ መክፈል ነው። ካልሆነ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ ይግዛ፣ ወይም ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈል። በጋራ እንቆይ ካላችሁ ማን እንደሚያስተዳድር ጻፉ። ቤቱን በሙሉ ለመሸጥ የሁሉም ባለድርሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ የራሱን ድርሻ ለባዳ ልሽጥ ቢል ሌሎቹ ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው።

4ኛ. ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት

ክሱ የሚከፈተው ቤቱ ባለበት ቦታ ነው። ወንድምየው ቦሌ ቢኖርም ደብረ ብርሃን መምጣቱ አይቀርም። ቤቱ እንዳይሸጥ ከሰጋችሁ ከክሱ ጋር የእግድ አቤቱታ አስገቡ። የተሸጠ ቤት ማስመለስ ዓመታት ይፈጃል። ቤቱ በዓይነት፣ ማለትም ራሱ ተቆርሶ፣ የማይከፈል ሆኖ ስምምነት ከጠፋ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጅ ላይ ደግሞ ቤት የሚገባውን ዋጋ ሁልጊዜ አያወጣም፤ ይህን ሽማግሌው ፊት ለሁሉም አስታውሱ።

ውጭ አገር ያለ ባለድርሻ በኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ይችላል። ወረቀቱ ግን «መሸጥ»፣ «መታረቅ» የሚሉትን በስም መጥቀስ አለበት። «ጠቅላላ ውክልና» ብቻ የሚል ወረቀት ቤት ለመሸጥ አይበቃም። ሰውየው እንደገና ኤምባሲ ሊሰለፍ ነው።