ለውሻዎ ጓደኛ ሲያመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ብቻውን ሆኖ ተክዟል፤ ጓደኛ እናምጣለት» ይባላል። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ሁለተኛው ውሻ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በእኛ ዓይን ነው። ጎረቤት ቤት ቡችላ ተወለደ፤ ወይም መንገድ ዳር አቅፎ የሚሸጥ ልጅ «ንጹህ ጀርመን ሼፐርድ ነው» አለ። በቃ፣ ተገዛ። አብሮት የሚኖረው ግን ነባሩ ውሻ ነው። የእሱን ጠባይ ያየለት የለም።

ጩኸት ያስተወዋል ብሎ ማምጣት

ቀኑን ሙሉ የሚጮህ፣ አፈር የሚቆፍር፣ ጫማ የሚያኝክ ውሻ ብዙ ጊዜ የቸገረው ሌላ ውሻ ማጣት አይደለም። የጎደለው መፈታት፣ መሮጥ፣ ከሰው ጋር መዋል ነው። እርስዎ ሲወጡ የሚያላዝነውም የናፈቀው እርስዎን ነው። ጓደኛ ቢመጣለትም ላያቆም ይችላል። ጭራሽ አዲሱ ከነባሩ ይማራል። ጩኸቱንም፣ ዶሮ ማባረሩንም፣ እንግዳ ላይ መዝለሉንም። ያኔ ግቢው ውስጥ ሁለት ባለጌ ይኖርዎታል ማለት ነው። ነባሩ ሲጠሩት የማይመጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይግሩ።

ውሻ ሁሉ ውሻ ይወዳል ማለት

ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ቢያንስ 8 ሳምንት መቆየት አለበት። ንክሻው ሲያምና ሳያም የሚለየው እዚያ ነው። እኛ ጋ ግን ገና ወር ሳይሞላቸው ይወሰዳሉ። ከዚያ ሌላ ውሻ በአጥር ቀዳዳ ብቻ እያዩ ያድጋሉ። እንዲህ ያደገ ውሻ ሌላውን የሚያየው እንደ ወራሪ ቢሆን አይግረምዎ።

ሳይገዙ በፊት ይሞክሩት። ረጋ ያለና የተከተበ ውሻ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለዎት ሁለቱን አብረው ያንሸራሽሩ። ነባሩ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ከኋላው ከፍ ብሎ ካጎነበሰ ጨዋታ እየጠየቀ ነው። ሰውነቱ ድርቅ ብሎ፣ ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዓይኑን ካልነቀለ ግን ነገር አለ። ጭራ ቆላ ማለት ሁልጊዜ ደስ አለው ማለት አይደለም።

ስለ ጾታ አለማሰብ

ብዙውን ጊዜ ተቃራኒ ጾታ የተሻለ ይስማማል። አንድ ቤት ውስጥ ክፉ ጸብ የሚታየው በአብዛኛው ተመሳሳይ ጾታ ባላቸው መካከል ነው። በተለይ ሁለት ሴቶች አንዴ ከተጣሉ ለማስታረቅ ከባድ ነው። «ሴት ስለሆኑ አይጣሉም» የሚለውን አይመኑ።

ወንድና ሴት ካሉ ደግሞ የቡችላ ጉዳይ ይመጣል። ሴቷ ከ6 ወሯ ጀምሮ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች። ከዚያ በዓመት ሁለቴ ገደማ ይመላለሳል፤ በየጊዜውም ሦስት ሳምንት አካባቢ ይቆያል። እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው። እህትና ወንድም መሆናቸውም አያግዳቸውም። ሳይታሰቡ ከተወለዱት ወንዶቹን ሰው ይወስዳቸዋል። ሴቶቹ ናቸው በካርቶን ተደርገው መንገድ ዳር የሚጣሉት። ስለዚህ የማኮላሸት ወይም የማምከን ወጪውን ከመግዣው ጋር አብረው ያስቡ።

ፊት ለፊት ማሰር

በእኔ እምነት እኛ ሰፈር ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ «እስኪላመዱ» ተብሎ ከነባሩ ትይዩ ይታሰራል። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ይተያያሉ፤ መጠጋትም መሸሽም አይችሉም። የታሰረ ውሻ ሲፈራ የቀረው ነገር መንከስ ብቻ ነው። እልሁ ሲጠራቀም ይውልና ማታ ሁለቱም ይፈታሉ። ሰው በተኛበት። ጠዋት ጆሮው የተቀደደ ውሻ ሲገኝ «ይሄ አዲሱ ክፉ ነው» ይባላል።

ይልቅ መጀመሪያ የሚተዋወቁት ከግቢው ውጭ ይሁን፣ ነባሩ የእኔ ነው በማይለው ቦታ። የእኛ መንገድ በሌላ ውሻ የተሞላ ስለሆነ ሰውና መኪና የማይበዛበት እሑድ ማለዳ ይሻላል፤ ክፍት ግቢ ያለው ሰው ካገኙ ደግሞ በጣም ጥሩ። ሁለት ሰው ሁለቱን በላላ ገመድ ይዞ፣ ራቅ ራቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን ይሂድ። ቀስ በቀስ ይቀራረቡ። ከዚያ አብረው ወደ ግቢ ይግቡ። እርስዎ በሌሉበት ሰዓትና ማታ ግን ለሳምንታት ያህል ለየብቻ ይሁኑ፤ በቆርቆሮም ቢሆን የግቢውን አንድ ጥግ ይከልሉ።

ማጉረምረምን በዱላ መቅጣት

ሲያጉረመርም «ተው!» ተብሎ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል። ጥላቻውን አይተውም። ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ የሚፈጠረውም አንዳንዴ እንዲህ ነው። ካጉረመረመ ያራርቋቸው።

ከተነካከሱ መሐል እጅ አይግባ። ባልዲ ውኃ ይድፉባቸው፣ ብርድ ልብስ ይጣሉባቸው። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

በአንድ ሳህን ማብላት

ሳህኑ ሁለት፣ ቦታውም የተራራቀ ይሁን። በዓል ሲሆን መሐላቸው አጥንት ወርውሮ የሚያጣላቸው እንግዳ አይጠፋም። ቤተሰቡም፣ ዘበኛውም፣ ተከራዩም ይህን ይወቅ። ከበግ የወጣ ጥሬ ሳንባና ጉበትም አይስጧቸው። ትል ያስይዛቸዋል፤ የአንዱ ዓይነት ትል እንቁላል ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል።

ክትባትን ለኋላ መተው

ቡችላን ደም እያስቀመጠ የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ግቢው ውስጥ ደም እያስቀመጠው የሞተ ቡችላ ከነበረ፣ ያልተከተበ ቡችላ ወደዚያ ማምጣት ማስጨረስ ነው። የቡችላ ክትባት አንዴ ተወግቶ አያልቅም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመራል፤ በየጥቂት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ነው፤ በዓመቱ ይደገማል። ከመንገድ የተነሣ ትልቅ ውሻ ጤነኛ መስሎ በሽታውን ለሳምንታት ወይም ለወራት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል የነባሩ ክትባት ያላለፈበት መሆኑን ሐኪም ዘንድ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ዕድሜና ቁመትን መናቅ

መገጣጠሚያው የሚያመው ሽማግሌ ውሻ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚዘል ቡችላ መልቀቅ ግፍ ነው። ግዴታ ከሆነ ሽማግሌው የሚሸሽበት ቦታ ይኑረው። ትንሿን የሶፋ ውሻ ከትልቅ ሼፐርድ ጋር ካደረጉም ያለ ጠባቂ አይተዋቸው። በጨዋታ እንኳ ሊሰብራት ይችላል።

መመለሻ ሳያዘጋጁ መግዛት

አንዳንዶቹ ምንም ቢደረግ አይስማሙም። ከሻጩ ጋር «ካልተስማሙ እመልሰዋለሁ» ብለው ገንዘብ ሳይሰጡ በፊት ይነጋገሩ። መንገድ ዳር የሚሸጠው ልጅ ነገ እዚያ አይገኝም። ስለዚህ እናቲቱን ሊያሳይዎ የሚችል፣ ቤቱን የሚያውቁት ሰው ይሻላል። እናቲቱ ሰው ስታይ ምን እንደምታደርግ መመልከቱ በራሱ ስለ ቡችላው ብዙ ይነግርዎታል።