ከሩጫ ወደ ከበሮና ዜማ የሚሻገር ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ በመሆኗ፣ ማለዳ በጋቢ ተጠቅልለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚሄዱ ምእመናን ጎን ቱታ ለብሰው የሚሮጡ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። እኔም ለዓመታት ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ነበርሁ። ርቀቴ 10,000 ሜትር ነበር፤ ጉልበቴ ደጋግሞ ሲያስቸግረኝ ሩጫውን ተውሁና ከልጅነቴ ጀምሮ እወደው ወደነበረው ከበሮ ዞርሁ። ዛሬ በሰሜን ሸዋ ከተሞችና ገጠሮች በሠርግና በበዓል ከበሮ እየመታሁና እያዜምሁ እተዳደራለሁ። ከእኔ በኋላ ይህንኑ መንገድ የጀመሩ የቀድሞ ሯጮች እኔ የተሳሳትሁትን ስህተት በየተራ ሲደግሙት ስላየሁ፣ የማውቀውን በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

የስህተቶቹ ሁሉ ሥር የሜዳ ጥንካሬ እንዳለ ወደ መድረክ ይሻገራል ብሎ ማመን ነው። ለዚህ እምነት ሰበብ የሚሆን ታሪክ አለን። በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድም ከዚያው ከክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ጋር ዘፍነዋል። አንድ ቤት ታላቅ ሯጭም ታላቅ ድምፃዊም ማፍራቱ ያኮራል። ይሁን እንጂ ሯጩ በሩጫ፣ ድምፃዊውም በዜማ ለየብቻ ሠልጥነው ነው እዚያ የደረሱት። ሩጫ ለከበሮ የሚተርፈው ጥቅም ቢኖር በየቀኑ የመለማመድ ልማድ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ እንደ ጀማሪ መማር ግድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ስህተት ምትን ማፍጠን ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ ሰውነት በደቂቃ ወደ 180 ርምጃ የሚጠጋ ምት ለዓመታት ስለተላመደ፣ ደስታ ወይም ፍርሃት ሲይዘው እጁ ሳያውቀው እግሩ ወደሚያውቀው ፍጥነት ይነጉዳል። የመጀመሪያው ሠርጌ ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ አውጪው ግጥሙን ሳይጨርስ እኔ ቀድሜው ስለምገኝ ተቀባዮቹ ትንፋሽ አጥረው ግማሾቹ ዝም አሉ፣ እስክስታ የሚመቱት እናቶችም ትከሻቸውን አቁመው ያዩኝ ጀመር። እኔ ግን ጨዋታው የደመቀ መስሎኝ ይባስ አፈጠንሁ። በሜዳ ላይ ሌሎችን ጥሎ መሄድ ድል ነው፤ ከበሮ መቺ ሌሎችን ጥሎ ከሄደ ግን ጨዋታው ፈርሷል።

ከፍጥነቱ በታች የተደበቀ ሌላ ችግር አለ፤ እኔም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የሯጭ ሰውነት የሚቆጥረው ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ እያለ በሁለት ነው። በዘፈኖቻችን ውስጥ በብዛት የሚሰማው ቺክቺካ የምንለው ምት ግን ስድስት ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት የተቧደኑበት ነው። ሯጭ የነበረ ሰው ሦስተኛዋን ምት ይውጣታል ወይም ያሳጥራታል፤ ምቱ ሲደርቅ፣ ሰልፍ የሚመራ ነጋሪት ሲመስል ምክንያቱ ይህ ነው። መድኃኒቱ ከበሮውን አስቀምጦ፣ ቁጭ ብሎ፣ እግርን ሳያንቀሳቅሱ በመዳፍ ጭንን እየመቱ ሦስት ሦስት መቁጠር ነው። እግር ከገባበት በሁለት መቁጠሩን ስለሚመልሰው፣ እኔ ለሁለት ወር ያህል እግሬን አጣጥፌ ነው የተለማመድሁት።

ምትን ከዝግታ ወደ ፍጥነት ማሻገርን በተመለከተ ከቤተ ክርስቲያን የተሻለ መምህር አላገኘሁም። በማኅሌት አስቀድሞ ቁም ዜማው ያለ መሣሪያ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ በመረግድ ከበሮና ጽናጽል በዝግታ ይገባሉ፤ በመጨረሻም ጽፋቱ ከጭብጨባ ጋር ይፈጥናል። ምቱ የሚፈጥነው ሰዉ ዜማውን በአንደበቱና በሰውነቱ ከያዘው በኋላ ነው። ምክር የጠየቅኋቸው አንድ የኔታ ብዙ አልተናገሩም፤ «ልጄ፣ መጀመሪያ ቆመህ ስማ» ብለውኝ አንድ ሙሉ ሌሊት ማኅሌት አስቆሙኝ።

ይህን ስል ግን ሌላ ስህተት እንዳላስከትል እሰጋለሁ። የማኅሌቱን ሥርዓት መማር አንድ ነገር ነው፤ የማኅሌቱን አመታትና ዜማ ወስዶ መጠጥ ባለበት ዳስ ውስጥ መጫወት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር ሰው ይህን አይወደውም፤ ባለመውደዱም ልክ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ በቦታው ይቆይ፤ የዘፈኑን ከበሮ ለብቻ ይግዙ ወይም ያሠሩ።

አሁን ወደ ትንፋሽ እንለፍ። «አንተ እኮ ሯጭ ነህ፣ ትንፋሽ አያንስህም» ሲሉኝ አምኜ ነበር፤ ሆኖም ሳዜም አንዱን ስንኝ ሳልጨርስ ትንፋሼ ይቋረጥ ነበር። የሯጭ ትንፋሽ ከርምጃው ጋር እየተስማማ በተቀራረበ ልክ ይገባል፣ ይወጣል፤ ዓላማውም ለጡንቻ አየር ማድረስ ነው። ድምፃዊ ግን በአንዲት አፍታ ብዙ አየር ስቦ፣ ያንኑ በቁጠባ ለረጅም ጊዜ ማውጣት አለበት። ሯጩ ያለው ሰፊ ሳንባ ነው፤ የሚጎድለው ያንን አየር እየቆጠበ የሚለቅበት ልማድ ነው። በዚያ ላይ የደከመ ሯጭ ትከሻውን ከፍ አድርጎ በደረቱ የመተንፈስ ጠባይ አለው፤ ትከሻ ሲነሣ አንገት ይወጠራል፣ አንገት ሲወጠር ድምፅ ይታነቃል። ከበሮው ከአንገት ወይም ከትከሻ በማንገቻ ስለሚንጠለጠል ክብደቱ ይህንኑ ያባብሰዋል። ስለዚህ በጀርባ ተኝቶ፣ አንድ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሽ ሲገባ ሆድ ከፍ ማለቱን መከታተል፣ ከዚያም «ስስስ» እያሉ አየሩን እኩል መጠን ባለው ፍሰት ማውጣት ይጠቅማል። እኔ ስጀምር ከ12 ሰከንድ አላልፍም ነበር። ትዝታን በዝግታ የሚያዜም ሰው ስንኙን ሳይቆርጥ ለመጨረስ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቁጠባ ያስፈልገዋል።

ሰሜን ሸዋ ከዚህ አንጻር አስቸጋሪ አገር ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ስትሆን፣ የመንዟ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ቅዳሜ በአንዷ፣ እሑድ በሌላዋ የሚዘፍን ሰው አንዱን ዘፈን በአንድ ዓይነት ትንፋሽ እዘፍናለሁ ቢል ይሳሳታል። ደጋ ላይ ስንኙን አጠር አድርጎ መከፋፈል፣ ተቀባዮቹንም ቀደም ብሎ ማስገባት ያሻል። የደጋው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ጉሮሮን ስለሚያደርቅ ቀኑን ሙሉ ውሃ መጠጣት፣ ከመዝፈን በፊትም ድምፅን በዝቅታ ማሟሟቅ ያስፈልጋል። ሳያሟሙቅ የማይሮጥ አትሌት ሳያሟሙቅ መዝፈኑ ዘወትር ያስገርመኛል። ለብርዱ ተብሎ የሚጠጣው አረቄ ደግሞ ጉሮሮን የበለጠ ያደርቃል እንጂ ድምፅ አይከፍትም።

የአየሩ ለውጥ ከበሮውንም ይነካዋል። ቆዳ እርጥበት ሲስብ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ሙቀት ሲያገኝ ይወጠራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። በመንዝ አንድ ሠርግ ላይ ጭጋጉ ከበሮዬን ስላላላብኝ ከወጥ ማብሰያው እሳት ዳር አስደግፌው ምሳ ልበላ ሄድሁ። ስመለስ ሰፊው አፍ በአንድ በኩል ወደ ቡናማነት ተለውጦ ነበር፤ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ኮሸኮሸ፣ ገና አንድ ጊዜ ስመታውም ከጠፍሩ ሥር ጀምሮ ተሰነጠቀ። የዚያን ቀን በጀሪካን ላይ ነው የመታሁት። ከበሮ የሚሞቀው በፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ከሌለ ደግሞ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ፣ በእጅ ይዞ እያገላበጡና በየጊዜው መታ መታ እያደረጉ ድምፁን መስማት እንጂ ትቶት መሄድ አይገባም።

ስለ ጆሮ ብዙዎች አያስቡም። በድምፅ ማጉያ አጠገብ ቆሞ ሌሊቱን የሚመታ ሰው የመስማት ኃይሉን ቀስ በቀስ ያጣል። የሥራ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ልክ ለ85 ዴሲቤል ድምፅ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ማጉያውን ከፊት ማስቀደምና የጆሮ መድፈኛ ማድረግ ቀላል ጥንቃቄ ነው። ከሩጫ የመጣ ሰው ሕመምን ችሎ ማለፍን እንደ ጀግንነት ስለሚቆጥር ጆሮው ሲጮህበት ዝም ይላል፤ የጆሮ ጉዳት ግን እንደ ጡንቻ ድካም በእረፍት ሁልጊዜ አይመለስም።

ሌላው ስህተት ያለ ጽሑፍ ውል መሥራት ነው። አትሌት ሳለሁ ውል የሚጨርሱልኝ ሌሎች ስለነበሩ ወረቀት ማንበብ አልለመድሁም። በአንድ ቀረጻ ከበሮ መትቼ፣ ተቀባይም ሆኜ አዜሜ የቀን አበል ተከፈለኝ፤ ሥራው ሲወጣ ግን ስሜ የትም አልነበረም፤ የምይዘው ማስረጃም አልነበረኝም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከግጥምና ከዜማ ደራሲው በተጨማሪ ለከዋኙም የራሱን መብት ይሰጣል፤ ስለዚህ ከበሮ መቺም ተቀባይም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ምን እንደሠሩ፣ ለምን ያህል ክፍያ እንደሆነና ስማቸው እንዴት እንደሚጠቀስ ከቀረጻው በፊት በአንድ ገጽ ጽፎ መፈራረም ይገባቸዋል።

በመጨረሻ የማነሣው የገቢውን ወቅት አለማወቅን ነው። ክለብ ውስጥ ያለ ሯጭ ወርኃዊ ደመወዝ ይጠብቃል፤ የሠርግ ሥራ ግን የሚከተለው የጾሙን አቆጣጠር ነው። ጥር ላይ ሠርጉ ይደራረባል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀናት ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ይመለሳል፤ ክረምቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ የጥሩን ገንዘብ በጥር ጨርሼ ሁዳዴን በብድር አሳለፍሁ። አሁን ከእያንዳንዱ የጥር ሠርግ ክፍያ ሲሶውን አስቀምጣለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ከበሮውን በጨርቅ ጠቅልዬ ደረቅ ቦታ እሰቅለዋለሁ፤ ጠዋት ጉልበቴ የሚፈቅደውን ያህል በዝግታ እሮጣለሁ፤ ከሩጫው ስመለስ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ፣ በመዳፌ ጭኔን እየመታሁ ሦስት ሦስት እቆጥራለሁ።