ያረሙት ጽሑፍ ሲመለስብዎ

በዊኪፔዲያ ላይ ያስገቡት እርማት ከተሰረዘ መልሰው ለማስገባት አይቸኩሉ። የገጹን ታሪክ ከፍተው ሰራዡ የተወውን አጭር ማስታወሻ ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ምንጭ ብቻ ነው። ቀጥሎ በውይይት ገጹ ላይ አዲስ ርዕስ ይክፈቱና ያከራከረውን ነጥብ ለይተው ይጠይቁ፦ «1928 የሚለው ዓመት ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ ተወሰደ?» «አንተ ሆን ብለህ ታጣምማለህ» ካሉ ግን ዓመቱ ተረስቶ ጠቡ የሰዎች ይሆናል፤ አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሌሎችን ለውጥ ሰርዞ ከ3 ጊዜ በላይ ወደ ቀድሞው መመለስ ከማረም ሊያሳግድ ይችላል፤ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ቢሆንም፣ የመለሱት የተለያየ አንቀጽ ቢሆንም ይደመራል። ሆን ተብሎ ገጹን ለማበላሸት የገባን ግልጽ ጥፋት ማንሳት ግን አይቆጠርም። ተከራካሪዎቹ ሁለት ብቻ ከሆናችሁ የሦስተኛ ሰው አስተያየት ይጠይቁ። በዚህ መስማማት ካልተቻለ የአስተያየት ጥሪ ያውጡ፣ ማለትም ሌሎች አርታኢዎች ሐሳብ እንዲሰጡ በይፋ ይጋብዙ፤ በተለምዶ 30 ቀን ክፍት ይቆያል።