የመሥሪያ ቤቶችን የደንብ አወጣጥ የሚለውጥ ረቂቅ በአሜሪካ ኮንግረስ፦ ክርክሩንና ድምፁን እንዴት መከታተል ይቻላል

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደንብ የሚያወጡበትን ሥርዓት የሚለውጥ ረቂቅ ኮንግረስ ሲገባ ዜናው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም፦ «የተወካዮች ምክር ቤት በ238 ድጋፍና በ183 ተቃውሞ አጸደቀ»። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ «ሬጉላቶሪ አካውንታቢሊቲ አክት» (የደንብ ተጠያቂነት ሕግ) የተባለው ረቂቅ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 2017 ያገኘው ድምፅ ነው። ይሁን እንጂ ረቂቁ ምን እንደሚለውጥ፣ ጠቡ በየትኛው አንቀጽ ላይ እንደነበርና ለምን ሕግ ሳይሆን እንደቀረ ከዚህ ቁጥር አይገኝም። የመድኃኒት፣ የመጠጥ ውኃና የሥራ ቦታ ደኅንነት ዝርዝር የሚወሰነው በአብዛኛው በደንብ ስለሆነ፣ ሥርዓቱን የሚቀይር ረቂቅ ከሩጫው መጨረሻ ሳይሆን ከመነሻው ሊታይ ይገባዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነባሩን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። መሠረቱ የ1946ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሊያወጣ ያሰበውን ደንብ «ፌዴራል ሬጅስተር» በተባለው ይፋዊ ጋዜጣ ያሳትማል፤ ማንኛውም ሰው በጽሑፍ አስተያየቱን ይልካል፤ መሥሪያ ቤቱም አስተያየቱን መርምሮ የመጨረሻውን ደንብ ከነምክንያቱ ያወጣል። ደንቡ በአብዛኛው ከታተመ 30 ቀን ሳይሞላው አይጸናም። ከ1993 ወዲህ ደግሞ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ 12866 መሠረት ትልልቅ ደንቦች በዋይት ሀውስ ሥር ባለው የመረጃና የደንብ ጉዳዮች ቢሮ ያልፋሉ። አዲሱ ረቂቅ ከእነዚህ ደረጃዎች የቱን እንደሚነካ ሳይለዩ ክርክሩን ማዳመጥ ጆሮን ማድከም ነው።

ከንግግሩ በፊት ጽሑፉን

ረቂቁን በኮንግረስ ድረ ገጽ ላይ በቁጥሩ ይፈልጉ። አንድ ረቂቅ ብዙ ቅጂ አለው፦ ሲቀርብ የነበረው፣ ከኮሚቴ የወጣው፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ቅጂ አንብበው ወደ ክርክሩ ይገባሉ። ለክርክር የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ያሳተመው ሌላ ጽሑፍ ነው። አንዳንዴም በአንድ ቁጥር ሥር ብዙ ረቂቅ ይታሰራል፤ የ2017ቱ ረቂቅ ስድስት ርእሶች ነበሩት፣ እያንዳንዱም ቀድሞ ራሱን ችሎ የቀረበ ሐሳብ ነበር። አንዱን ደግፎ ሌላውን መቃወም የፈለገ አባል በመጨረሻው ድምፅ ይህን የሚገልጽበት ቦታ የለውም።

ጽሑፉን ሲከፍቱ ዓላማውን ከሚያወድሰው መግቢያ አልፈው በቀጥታ ወደ ትርጓሜው ክፍል ይሂዱ። «ዐቢይ ደንብ» ምን ማለት እንደሆነ የሚወሰነው እዚያ ነው። የተለመደው መለኪያ በኢኮኖሚው ላይ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ለውጥ የሚያመጣ ደንብ ነው። በ1996ቱ የኮንግረስ ግምገማ ሕግ ውስጥ የገባው ይህ ቁጥር ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድግ አልተደረገም፤ ስለዚህ ዓመት በገፋ ቁጥር መረቡ ትንንሽ ደንቦችንም እየያዘ ይሄዳል። ሌሎች ረቂቆች 1 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ሁለተኛ እርከን ጨምረው ለዚያ ጠንከር ያለ ሥርዓት ያዛሉ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሚለካውንም ይዩ፦ ወጪን ብቻ ነው ወይስ ጥቅምንም ይጨምራል? አንዲት ቃል መቶ ደንብ ልታስገባ ወይም ልታስወጣ ትችላለች።

ሁለተኛው፣ በእኛ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ፦ ኮንግረስ ዝም ቢል ምን ይሆናል? በ1996ቱ ሕግ ኮንግረስ ዝም ካለ ደንቡ ይጸናል፤ ደንቡን ለመጣል ሁለቱም ምክር ቤቶች፣ የተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት፣ የውድቅ ማድረጊያ ውሳኔ አሳልፈው ፕሬዚዳንቱ መፈረም አለበት። «ሬይንስ አክት» የተባለው ረቂቅ፣ ስሙም ልጓም የሚል ትርጉም የሚሰጠው፣ ይህን ይገለብጠዋል፦ ዐቢይ ደንብ የሚጸናው ሁለቱ ምክር ቤቶች በ70 የስብሰባ ቀናት ውስጥ ካጸደቁትና ፕሬዚዳንቱ ከፈረመበት ብቻ ነው። ኮንግረስ ዝም ካለ ደንቡ ይሞታል፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ ግን ፕሬዚዳንቱ ለ90 ቀን ሥራ ላይ ሊያውለው ይችላል። ደጋፊዎቹ ከባድ ሸክም የሚጭን ውሳኔ ላይ የተመረጠ ሰው ስሙን ያስፍር ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አንድ ምክር ቤት ዝም ብሎ በመቀመጥ ብቻ የደኅንነት ደንብን ሊገድል ነው ይላሉ። ሁለቱም ስለ ዝምታ ትርጉም እየተከራከሩ መሆናቸውን ካወቁ የቀረውን ንግግር መመዘን ይቀላል። የሁለቱም ምክር ቤቶችና የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በ1983 ያገኘዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቻዳ ጉዳይ አንድ ምክር ቤት ብቻውን የአስፈጻሚውን ውሳኔ መሻር አይችልም ብሎ ወስኗል።

ሦስተኛው የችሎት ነገር ነው። አንዳንዱ ረቂቅ በትልልቅ ደንቦች ላይ ምስክር የሚቀርብበትና መስቀለኛ ጥያቄ የሚነሳበት መደበኛ ችሎት እንዲካሄድ ያዛል። ይህ ወረቀት ላይ ሲነበብ ለስላሳ ነው። ምን ያህል ጊዜ ሊበላ እንደሚችል ለመገመት የለውዝ ቅቤን ጉዳይ ያስታውሱ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ የለውዝ ቅቤ 90 በመቶ ለውዝ ይኑረው አለ፤ አምራቾቹ 87 በመቶ ይበቃል አሉ። በ1959 የተጀመረው ጉዳይ በፍርድ ቤት እልባት ያገኘው በ1970 ነበር፤ የችሎቱ ቃለ ጉባኤም ከ7,700 ገጽ በላይ ሆነ። በሌላ በኩል መስቀለኛ ጥያቄ የመሥሪያ ቤቱን ደካማ ማስረጃ ያጋልጣል የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም። ስለዚህ ረቂቁ ችሎቱን ለየትኞቹ ደንቦች እንደሚያዝና የጊዜ ገደብ እንዳለው ይፈትሹ።

«ከታሰቡት አማራጮች ወጪው ዝቅተኛ የሆነው ይመረጥ» የሚል አንቀጽ ካለም ከሥሩ ያለውን «ካልሆነ በስተቀር» ማንበብ አይርሱ። የፍርድ ቤትን ሥልጣን የሚነካ ክፍል ላይ ደግሞ ቀኑን ይዩ፦ ከ1984 ጀምሮ ፍርድ ቤቶች አሻሚ ሕግን በተመለከተ ለመሥሪያ ቤቱ ትርጓሜ ያዘነብሉ ነበር፤ በጁን 2024 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሎፐር ብራይት ጉዳይ ያንን መርህ ሽሮታል። ከዚያ በፊት የተደረገ ክርክር በዚህ ነጥብ ላይ ያለፈበት ነው።

ከክርክሩ በፊት የሚሰጠው ድምፅ

የተወካዮች ምክር ቤት ትልልቅ ረቂቆችን የሚያየው የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ባወጣው መመሪያ ነው። ኮሚቴው 13 አባላት አሉት፤ በልማድ 9ኙ ከብዙኃኑ፣ 4ቱ ከአናሳው ፓርቲ ናቸው። የትኛው ማሻሻያ ለክርክር እንደሚቀርብ፣ ማን እንደሚያቀርበውና ስንት ደቂቃ እንደሚሰጠው የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ከኮሚቴው የሚወጣውን ውሳኔና አብሮት የሚታተመውን ዘገባ ያውርዱ፤ የተፈቀዱት ማሻሻያዎች ሙሉ ቃላቸው እዚያ አለ። የተከለከሉት ደግሞ በኮሚቴው ገጽ ከቀረቡት ዝርዝር ጋር በማነጻጸር ይታወቃሉ። ያልተፈቀደው ማሻሻያ ብዙ ጊዜ ከተፈቀደው ይበልጥ ይናገራል።

ይህ መመሪያ ራሱ አንድ ሰዓት ክርክር ይደረግበትና ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ በፊት ክርክሩ ይዘጋ ወይ የሚል ሌላ ድምፅ አለ፤ ያ ከወደቀ መድረኩ ለተቃዋሚው ይሄዳል። በእነዚህ ሁለቱ ላይ አባላት በአብዛኛው ከፓርቲያቸው አይወጡም። ስለዚህ በመመሪያው ላይ «አዎ» ያለን አባል «ረቂቁን ደገፈ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

ክርክሩ ሲጀመር

ማሻሻያ የሚታይበት ረቂቅ ሲሆን ምክር ቤቱ ወደ «ሙሉ ምክር ቤት ኮሚቴ» ይለወጣል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የስብሰባው ሥርዓት ግን ይቀልላል፦ ምልአተ ጉባኤው 100 ነው፣ ድምፅ በስም እንዲመዘገብ 25 አባላት ከጠየቁ ይበቃል። በመደበኛው ስብሰባ ምክር ቤቱ ሙሉ ሲሆን እነዚህ 218 እና 44 ናቸው። አጠቃላይ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ሲሆን ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ ሰብሳቢና በዚያው ኮሚቴ የአናሳው ፓርቲ መሪ ለሁለት ይካፈሉታል፤ እነርሱም ለየአባሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆርሳሉ። የደንብ አወጣጥ ረቂቅ ሲሆን ኮሚቴው በአብዛኛው የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ነው።

ማስታወሻ ሲይዙ የተናጋሪውን ስም፣ የጠቀሰውን አንቀጽና የሰጠውን ቁጥር ለየብቻ ይጻፉ። አንቀጽ ያልጠቀሰ ንግግር ስለ ረቂቁ ብዙም አያስረዳም። ደንቦች አገሪቱን ይህን ያህል ያስወጣሉ የሚል ቁጥር ሲሰሙ ጥቅሙ ተቀንሶለታል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ደንቦች ይህን ያህል ሕይወት ያድናሉ ሲባልም የትኛው ደንብ እንደሆነና ደንቡ ከዚህ ረቂቅ ጋር ግንኙነት እንዳለው ይመልከቱ።

ከዚያ ማሻሻያዎቹ ይመጣሉ። በእነዚህ ረቂቆች ላይ የተለመደው ማሻሻያ «ይህ ሕግ በእነዚህ ላይ አይሠራም» የሚል ነው፦ በመጠጥ ውኃ፣ በኑክሌር ጣቢያ ደኅንነት፣ በምግብ ደኅንነት። አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃሉ፤ አቅራቢዎቹም ይህን ያውቃሉ። የሚፈልጉት እያንዳንዱ አባል በዚያ ነጠላ ጉዳይ ላይ ስሙ እንዲመዘገብ ነው። የአንድን ተወካይ አቋም ማወቅ ለሚፈልግ መራጭ እነዚህ ድምፆች ከመጨረሻው ይበልጥ ዝርዝር ናቸው።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ይታተማል። እዚያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ አባላት ያልተናገሩትን ንግግር በጽሑፍ ማስገባት ይፈቀድላቸዋል። በተወካዮች ምክር ቤት ክፍል ያልተነገረው በተለየ የፊደል ቅርጽ ይታተማል። ይህን ሳያዩ «በምክር ቤቱ ተነሥተው እንዲህ አሉ» ብሎ መጻፍ ያልሆነውን መመስከር ነው።

ድምፁን ማንበብ

መጀመሪያ በቃል «አዎ» ወይም «አይ» ይባልና ሰብሳቢው የሰማውን ያውጃል። በቂ አባላት ሲጠይቁ ነው በኤሌክትሮኒክ ካርድ የሚመዘገበው። የመጀመሪያው ድምፅ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ተከታትለው የሚመጡት 5 ወይም 2 ደቂቃ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ገጽ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን፣ ቀኑንና ከሁሉ በላይ «ጥያቄው» የሚለውን መስመር ይቅዱ፤ ያ መስመር ድምፁ በማሻሻያ፣ ረቂቁን ወደ ኮሚቴ በመመለስ ወይስ በማጽደቅ ላይ እንደሆነ ይለያል። «ተገኝቷል» ያለ አባል ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ነው፤ «ድምፅ አልሰጠም» የሚለው ግን ታሞም ጉዞ ላይም ሆኖ ሊሆን ስለሚችል ትርጉም አይስጡት።

ሴኔት፦ ረቂቆቹ የሚቆሙበት

ሴኔት ውስጥ ክርክርን ለመዝጋት ከ100ው የ60 ሴናተሮች ድምፅ ያስፈልጋል። 16 ሴናተሮች የፈረሙበት ጥያቄ ይቀርባል፣ መሐል አንድ የስብሰባ ቀን አልፎ ድምፅ ይሰጣል፣ ካለፈ ቢበዛ 30 ሰዓት ይቀራል። «ሬይንስ አክት» በተወካዮች ምክር ቤት በ2011፣ 2013፣ 2015፣ 2017 እና 2023 አልፏል፤ በ2023 ውጤቱ 221 ለ210 ነበር። አንዱም ሴኔትን አላለፈም። ክርክር የመዝጋት ጥያቄ ሲወድቅ የብዙኃኑ መሪ ስም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ካዩ አይደንግጡ፤ ጥያቄው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ ሰው ስለሆነ መሪው ሆን ብሎ ድምፁን ይለውጣል።

የ1996ቱ ሕግ ግን ከዚህ የ60 ግድግዳ ነጻ ነው። አንድን ደንብ ለመጣል 30 ሴናተሮች ፈርመው ውሳኔውን ከኮሚቴ ያወጡታል፣ ክርክሩ ከ10 ሰዓት አይበልጥም፣ ማሻሻያ አይቀርብበትም፣ ተራ ብልጫ ይበቃል። በመጀመሪያ የሠራው በ2001 በሥራ ቦታ የአካል ጉዳትን በሚመለከተው ደንብ ላይ ነው፤ በሴኔት 56 ለ44፣ በተወካዮች ምክር ቤት 223 ለ206። በ2017 እና 2018 ደግሞ 16 ደንቦች በዚሁ መንገድ ወድቀዋል፤ ከእነርሱም የሁለቱ ድምፅ በሴኔት 50 ለ50 ሆኖ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ተቆርጧል። እንዲህ የወደቀን ደንብ መሥሪያ ቤቱ በጣም በሚመሳሰል ይዘት መልሶ ማውጣት የሚችለው አዲስ ሕግ ከፈቀደለት ብቻ ነው። ስለዚህ ዜናው «ኮንግረስ ደንብ ሻረ» ሲል አንድ ደንብ ስለመጣሉ እንጂ የደንብ አወጣጡ ሥርዓት ስለመለወጡ አይደለም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

ኮንግረሱ ሁለት ዓመቱን ሲጨርስ ያላለፈ ረቂቅ ሁሉ ይሞታል። በሚቀጥለው በዚያው ስም፣ በሌላ ቁጥር፣ ትንሽ በተለወጠ ቃል ይመለሳል፤ «ሬይንስ አክት» በ115ኛው ኮንግረስ ቁጥሩ 26፣ በ118ኛው 277 ነበር። ስለዚህ ረቂቅን በስሙ ብቻ አይጥቀሱ፤ ቁጥሩንና የስንተኛው ኮንግረስ እንደሆነ ይጨምሩ። አዲሱ ሲቀርብም ምክር ቤቱ ቀድሞ ያጸደቀውን የመጨረሻ ቅጂ ከጎኑ ከፍተው ከትርጓሜው ክፍል ጀምሮ ቃል በቃል ያስተያዩ።