ከርል ባር ስመርጥ ያለቀሰ አንጓዬን ያስታገሰው

ምልክቱ ይህ ነበር፦ በቀጥታ ባር (ክብደት በሚጫንበት የብረት ዘንግ) ከርል፣ ማለትም ክንድን እያጠፉ ባሩን የሚያነሱበትን የባይሴፕስ (የክንድ የፊት ጡንቻ) እንቅስቃሴ፣ በሠራሁ ቁጥር በትንሿ ጣት በኩል የእጄ አንጓ ይጠዘጥዘኛል። ክብደት ቀነስኩ፣ አንጓዬን በፋሻ አሰርኩ፣ አያያዜን አጠበብኩ። አልተወኝም።

ቀጥሎ የታጠፈውን፣ ኢዜድ ባር የሚባለውን ገዛሁ፤ ውፍረቱን ሳላይ። የፕሌቶቼ (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገቡት ክብ ክብደቶች) ቀዳዳ 50 ሚሊሜትር ነው፣ የባሩ ጫፍ 25። ፕሌቱ ብሎኑ እንደላላ ጎማ ይወላገዳል። ጫፉን በናስትሮ ጠቀለልኩት፤ በሁለተኛው ቀን ተላጠ። የፕላስቲክ መሙያ ቀለበት ሳስገባ መወላገዱ ቆመ፤ ግን ጫፉ ከመያዣው ጋር አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ለብቻው አይዞርም። ባሩን ሳነሳ ፕሌቱ እጄን ይጠመዝዘዋል።

የሠራልኝ፦ የፕሌቱን ቀዳዳ በማስመሪያ ለካሁ (መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው)፣ ከዚያ ጫፉ 50 ሚሊሜትር የሆነና በቡሺንግ (ጫፉ በሚዞርበት ለስላሳ ቀለበት) ላይ የሚሽከረከር ኢዜድ ባር ወሰድኩ። ቤሪንግ (ኩሽኔታ) ያለው ዋጋው ይወደዳል፤ ለከርል ቡሺንግ ይበቃል ባይ ነኝ። ከመክፈሌ በፊት ባሩን በአንድ እጄ ይዤ ጫፉን በጣቴ ገፋ አደረግኩት፤ ሳይንቋቋ ዞረ።

አያያዙም ለውጥ አለው። መዳፎቼ በመጠኑ እንዲተያዩ፣ አውራ ጣቴ ከትንሿ ጣቴ ከፍ በሚልበት መታጠፊያ ላይ እይዛለሁ። ጥዝጠዛው የቆመው ያኔ ነው።

ባሩን ሚዛን ላይ አውጡት፤ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል፣ እኔ ሳልደምረው ነበር የምቆጥረው። ርዝመቱም 120 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ለረጅም ባር በተሠራ ማስቀመጫ ላይ ላያርፍ ይችላል። የኔ ወለል ላይ ነው የሚያድረው።