ለኔቨርዊንተር ናይትስ የሠራችሁትን ሞጁል ተጫዋች እጅ እንዴት ታደርሳላችሁ?

ኔቨርዊንተር ናይትስ የሚባለው የኮምፒውተር ጌም እ.ኤ.አ. በ2002 ከባዮዌር ኩባንያ ሲወጣ ኦሮራ ቱልሴት የሚባል መሥሪያ አብሮት መጣ። በዚህ መሥሪያ ማንኛውም ተጫዋች የራሱን ከተማ ይገነባል፣ ጭራቅ ያሰፍራል፣ ንግግር ይጽፋል፤ የሚወጣው ሥራ ሞጁል ይባላል። ቢምዶግ የሚባል ኩባንያ ጌሙን በ2018 ኢንሃንስድ ኤዲሽን ብሎ እንደገና ሲያወጣው ቱልሴቱን አልጣለውም፤ ለድሮው ጌም የተሠሩ አብዛኞቹ ሞጁሎችም ዛሬ ይከፈታሉ። ታሪኩ ጥሩ ሆኖ ሳለ አንድ ፋይል ስለጎደለ ብቻ ውሃ የሚበላው ሞጁል ግን ብዙ ነው። አውርዶ ሲከፍት የስህተት መልእክት የተቀበለው ተጫዋች ደራሲውን ፈልጎ አይጠይቅም፤ አጥፍቶት ወደ ሌላው ይሄዳል።

መጀመሪያ የሚላከውን ለዩ

ሞጁሉ ራሱ አንድ ፋይል ነው። ቦታዎቹ፣ ንግግሮቹና ስክሪፕቶቹ (ጌሙን የሚያዙት አጫጭር ፕሮግራሞች) ውስጡ አሉ። ከጌሙ ጋር ያልመጣ ሞዴል (የዕቃ ወይም የፍጡር ቅርጽ)፣ የልብስ ምስል ወይም አዲስ ጭራቅ ከጨመራችሁ ግን ያ የሚቀመጠው ሃክ በሚባል ሌላ ፋይል ነው። አዲስ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ካላችሁ ቲ-ኤል-ኬ የሚባል ሦስተኛ ፋይል ይኖራል። ሙዚቃና የፊት ምስልም በየራሳቸው ፎልደር ሊሆኑ ይችላሉ።

በቱልሴቱ የሞጁሉን መግለጫ ከፍታችሁ ስለ ተጨማሪ ይዘት የሚናገረውን ገጽ ተመልከቱ። እዚያ የተዘረዘረ ሃክ ሁሉ ከሞጁሉ ጋር መሄድ አለበት። ለሙከራ ጨምራችሁት የረሳችሁትን ሃክ ከዝርዝሩ አውጡት፤ የማትጠቀሙበትን ፋይል ተጫዋቹ በከንቱ እንዲያወርድ ማድረግ ነው፣ በጊጋባይት ከፍሎ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ኪስ መንካት ነው። የዝርዝሩ ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው፦ ሁለት ሃኮች ተመሳሳይ ፋይል ከያዙ የሚያሸንፈው ከላይ ያለው ነው።

ቲ-ኤል-ኬውን መርሳት በጣም የተለመደ ነው፤ ምልክቱም ግልጽ ነው። ሞጁሉ ይከፈታል፣ ጭራቁም ይታያል፣ ስሙ መጻፍ በነበረበት ቦታ ግን «ባድ ስትርሬፍ» ይላል። ፋይሉ ቦታው እያለም እንዲህ ካላችሁ ቁጥሩን አረጋግጡ፤ ከራሳችሁ ሠንጠረዥ ጽሑፍ ስትጠሩ በመስመሩ ቁጥር ላይ 16777216 መደመር አለበት።

ስም አወጣጥ

የፋይል ስም ሁሉ በትንንሽ የላቲን ፊደል ይሁን፣ ክፍት ቦታ አይኑረው። በዊንዶውስ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት አያመጣም፤ ሊኑክስ ላይ ግን ያመጣል፣ ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። በሃኩ ውስጥ ያሉት የሞዴልና የስክሪፕት ስሞች ከ16 ፊደል ማለፍ አይችሉም። የሌላ ሰው ፋይል ጋር እንዳትጋጩ በእያንዳንዱ ስም መጀመሪያ ላይ የራሳችሁን ሁለት ሦስት ፊደል አስቀድሙ።

ኦቨራይድ ወደሚባለው ፎልደር ፋይል እንዲገለበጥ ተጫዋቹን አትጠይቁ። እዚያ የገባ ነገር የእናንተን ሞጁል ብቻ ሳይሆን ሰውየው የሚጫወተውን ሁሉ ይነካል፤ ከወር በኋላ ሌላ ሞጁል ሲበላሽበት ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም። በሃክ ሊሠራ የሚችልን ነገር በኦቨራይድ መላክ ስንፍና ነው ባይ ነኝ።

ማሸግና መሞከር

በድሮው ጌም ፋይሎቹ የሚገቡት ጌሙ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ ነበር። በአዲሱ እትም ቦታቸው በዊንዶውስና በማክ ዶክዩመንትስ ውስጥ ያለው ኔቨርዊንተር ናይትስ የሚባለው ፎልደር ነው። ስለዚህ ዚፕ ስታደርጉ እዚያ ያሉትን ፎልደሮች ስም እንዳለ ጠብቁ፦ ሞጁሉ ከሞጁሎች ፎልደር፣ ሃኩ ከሃክ፣ ቲ-ኤል-ኬው ከራሱ። ተጫዋቹ ዚፑን እዚያው ሲፈታ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ከዚያ የራሳችሁን ኔቨርዊንተር ናይትስ ፎልደር ስም ለውጡት፣ ጌሙን አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት። ባዶ የሆነ አዲስ ፎልደር ይፈጥራል። የእናንተን ዚፕ ብቻ እዚያ ፍቱና ከመጀመሪያው ቦታ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ሁሌም የሚሠራው ሞጁል የጎደለው ፋይል ካለ የሚያጋልጠው በዚህ መንገድ ነው። ስትጨርሱ አዲሱን አጥፍታችሁ የድሮውን ስም መልሱ።

አጭር የማብራሪያ ጽሑፍም አብራችሁ ክተቱ፦ በየትኛው የጌም እትም እንደተሞከረ፣ ለስንተኛ ደረጃ ገጸ ባሕርይ እንደሚሆን፣ የማን ሞዴልና ሙዚቃ እንደተጠቀማችሁ። የሌላ ሰው ሥራ ካለበት ፈቃድ ጠይቁ፣ ስሙንም ጻፉ። ለሽያጭ ግን አታስቡት፤ የቱልሴቱ የፈቃድ ውል ለንግድ አይፈቅድም።

ይህን ጽሑፍ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ጌሙ ውስጥ ግን አይሆንም፤ ጽሑፍ የሚያስቀምጠው በድሮ የፊደል ኮድ ስለሆነ የግዕዝ ፊደልን አያውቅም። የአማርኛ ንግግር የፈለገ ሰው በላቲን ፊደል ከመጻፍ ሌላ አማራጭ የለውም፤ የበር ምልክት ወይም የድንጋይ ላይ ጽሑፍ ግን በምስል መልክ ፊደል ሊሆን ይችላል።

የት ይቀመጥ?

ኔቨርዊንተር ቮልት ዋናው ማኅደር ነው፤ ከየትኛውም መደብር የገዛ ሰው ያወርድበታል። የስቲም መደብር ክፍል የሆነው ስቲም ወርክሾፕ ለተጫዋቹ ይቀላል፣ በአንድ ጠቅታ ይመዘገባል፣ አዲስ እትም ሲወጣም ራሱ ይደርሰዋል። ጌሙን ጂ-ኦ-ጂ ከሚባለው ሌላ መደብር የገዛው ግን ወርክሾፕን መጠቀም አይችልም። ሁለቱም ጋ ማስቀመጥ ይሻላል፤ አንዱን ብቻ ከመረጣችሁ ቮልትን ምረጡ።

ሞጁላችሁ በሰርቨር ላይ የብዙ ሰው ጨዋታ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ኤን-ደብልዩ-ሲንክ የሚባለው የአዲሱ እትም ዘዴ ሃኮቹን ፈልቅቆ በድረ ገጽ አገልጋይ ላይ ያስቀምጣል። ተጫዋቹ ሰርቨሩን ሲመርጥ ጌሙ ራሱ የጎደሉትን ፋይሎች ብቻ ያወርዳል። በሃክዎ ላይ አንድ ልብስ ብታስተካክሉ ሰው ሙሉውን ሃክ እንደገና አያወርድም።

ማሻሻያ ስታወጡ

ጥንቃቄ የሚበዛው እዚህ ነው። ተጫዋቹ ያስቀመጠው ጨዋታ የሞጁሉን ቅጂ በውስጡ ይዟል፤ ስለዚህ በአዲሱ ሞጁል ያረማችሁት ንግግር ለጀመረው ሰው አይደርስም፣ ከመጀመሪያው መጀመር አለበት። ሃኩ ግን ከውጭ ስለሚነበብ ለውጡ ወዲያው ይነካዋል። ጭራቆች መልካቸውን የሚያውቁት በሃኩ ውስጥ ባለው የመልክ ሠንጠረዥ የመስመር ቁጥር ነው። ከመሃል አንድ መስመር ብትሰርዙና የታችኞቹ ወደ ላይ ቢንሸራተቱ፣ ትናንት ተኩላ የነበረው ዛሬ ሸረሪት ሆኖ ይመጣል። አዲስ መስመር ሁልጊዜ ከመጨረሻ ጨምሩ፣ ያረጀውን ሳትሰርዙ ባለበት ተዉት። ይህን ማስቀረት ካልቻላችሁ ለሃኩ አዲስ ስም ስጡትና የድሮውንም ለማውረድ ክፍት አድርጉት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያለው ተጫዋች በእሱ ይጨርሳል።